«ፈታ በል!» ሲሉኝ የምደርቀው ለምን ነበር?

ካሜራ ፊት ስቆም ከሁሉ በላይ የሰማሁት ቃል «ፈታ በል» የሚለው ነው። የሚሉኝ ሰዎች ክፋት የላቸውም። ግን ያንን ቃል በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ከንፈሬ ይጣበቃል። እጄን ደግሞ ከሰው ተውሼ የመጣሁ ይመስል የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ከዚያ ካሜራው ቀጭ ይላል። ፎቶው ሲታይ ያው ነው፤ የሆነ ነገር ሰርቆ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው።

ለዓመታት ያመንኩት አንድ ነገር ነበር። ፎቶ ላይ የሚያምሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ ከእነሱ ውስጥ አይደለሁም፣ አለቀ። ጓደኞቼ ፎቶ ሊነሱ ሲሰባሰቡ «ቆይ እኔ ላንሳችሁ» የሚለው ሁሌም እኔ ነበርኩ። እንዲህ የሚያደርግ ጓደኛ ካላችሁ፣ ደግ ስለሆነ ብቻ ላይሆን ይችላልና እዩት።

ያነቃኝ የሥራ ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞችን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ ሊያወጣ ሆነ። ፎቶ አንሺ መጣ፣ ተራ በተራ ወንበር ላይ አስቀመጠን። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሰጠም። «ቀና በል። ፈገግ በል። ፈታ በል። ቀጣይ!» ፎቶው የወጣ ቀን አንዲት ባልደረባዬ አየችውና «ውይ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም ነበር። እንደውም የዚያን ቀን እንቅልፌን ጠግቤ ነው የመጣሁት።

ከወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ፎቶ አስፈለገኝ። በሰው በሰው አንዲት ፎቶ አንሺ ጋ ደረስኩ። ገና ሳልቀመጥ «እኔ ፎቶ ላይ አላምርም፣ ብዙ አትድከሚ» አልኳት። ሳቀች። «ወንድሜ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ያላለኝ ሰው የለም» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል አብረን ስንሠራ «ፈታ በል» የሚለውን ቃል አንዴም አላወጣችም። የምታዘኝ ሁሉ በአካል የሚደረግ ነገር ነበር። «ክብደትህን ኋለኛው እግርህ ላይ ጣል።» «አየር አውጣ።» «ግንባርህን ወደ እኔ ላክልኝ።» ያኔ ነው የገባኝ። ሰውነት «ፈታ በል» ሲባል ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። «አየር አውጣ» ሲባል ግን ያውቃል።

ከእሷ የሰማሁትን ይዤ ቤት ገባሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን መጽሐፍ ላይ እየደገፍኩ ራሴን አነሳሁ። የቤት ሰው ያበድኩ መስሎት ነበር። እነሆ ያገኘሁት።

መጀመሪያ ስለ መስታወት ላንሳ፤ ብዙ ሰው ፎቶውን የሚጠላው በእሱ ምክንያት ነውና። የማንም ሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። አንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ አፍንጫ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ዕድሜያችንን ሙሉ መስታወት ላይ ያየነው ግራ ቀኙ የተገለበጠውን ፊት ነው፤ የለመድነውም እሱን ነው። ፎቶ ደግሞ ሌላው ሰው እንደሚያየን አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ የምናውቀው ሰው የሆነ ነገሩ የተጣመመ መስሎ ይታየናል። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። አጥኚዎቹ ለተማሪዎች የራሳቸውን ፎቶ ትክክለኛውንና የተገለበጠውን ጎን ለጎን አሳዩአቸው። ባለቤቶቹ በአብዛኛው የተገለበጠውን መረጡ። የቅርብ ጓደኞቻቸው ግን ትክክለኛውን። ሁሉም የመረጠው የለመደውን ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፎቶዎቼን እኔ አልመርጥም። አምስት ስድስቱን ለእህቴ እልክላታለሁ። እሷ የምትመርጠውን መጀመሪያ አልወደውም፤ ከሳምንት በኋላ ሳየው ልክ ነበረች።

አሁን ወደ ርቀት። ስለ አፍንጫዬ ትልቅነት ስጨነቅ የኖርኩት በአብዛኛው የክንዴ እጥረት ነበር። ሰልፊ ስትነሱ ስልኩ ፊታችሁ ላይ ነው። አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ይቀርባል፣ የቀረበ ነገር ደግሞ ይገዝፋል። ስለዚህ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይጠፋል፣ ፊት ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ሐኪሞች ያሳተሙት ስሌት፣ ከ30 ሴንቲሜትር የተነሳ ፊት ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አቁሙት፣ ሰዓት ቆጣሪውን ሙሉት፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ስልካችሁ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ባለሙያዎች ለፊት ፎቶ «85 ሚሊሜትር» አካባቢ የሚባለውን፣ ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ የሚወዱትም በከፊል ለዚህ ነው፤ ሌንሱ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ያስገድዳቸዋል። ከፍታውም ወሳኝ ነው። ካሜራው ዓይናችሁ ትይዩ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን። ከሥር ወደ ላይ ሲያነሱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጉብኝት ነው የሚሆነው።

በቡድን ፎቶ ላይ ደግሞ ዳር አትቁሙ። በተለይ በስልክ ሲነሳ፣ የሰፊ ሌንስ ዳርና ዳር ሰውን ይለጥጣል። መሐል ላይ ያለው ሰው ደህና ሆኖ ዳር ያለው የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ብርሃን ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣልኝ እሱ ነውና። ቤቴ ውስጥ ማታ የጣሪያ አምፖል ሥር የተነሳሁትና ጠዋት መስኮት አጠገብ የተነሳሁት ፎቶ የሁለት ሰው ፎቶ ይመስላሉ። ከጣሪያ የሚወርድ ብርሃን ግንባርን ያበራና የዓይን ጉድጓድን ያጨልማል። አሞህ ነበር ወይ ያሰኘኝም ይኸው ነው፤ የዚያን ቀን የተቀመጥኩት አምፖል ሥር ነበር። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንም ያው ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ የጣሪያውን መብራት አጥፉ። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ፈልጉ፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። ካሜራው ጀርባውን ለመስኮቱ ይስጥ። ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ ፊታችሁን ያለብሰዋል። ዓይናችሁ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ትታያለች። ያቺ ነጥብ ከጠፋች ዓይን የሞተ ይመስላል።

ትንሽ ቁም ነገር ያለው መልክ ከፈለጋችሁ ደግሞ መስኮቱ በአንድ ጎናችሁ እስኪሆን ቀስ እያላችሁ ዙሩ። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርሱ በጨለመው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን በታች፣ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ትቀራለች። እዚያ ቁሙ። ፎቶ አንሺዎች ይህን «የሬምብራንት ብርሃን» ይሉታል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሆላንድ ሠዓሊ ሰውን የሚስለው እንዲህ ባለ ብርሃን ስለነበር ነው። ውጭ ከሆናችሁ ፀሐይ በቀጥታ የማትመታው ግን ብርሃን ያለው ጥላ ፈልጉ፤ ፊታችሁ ግን ወደ ብርሃኑ ይዙር።

ቆዳችን ጠቆር ላለው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራ ብርሃኑን የሚለካው ባየው ነገር ሁሉ ነው። ከኋላችን ነጭ ግድግዳ ወይም ደማቅ ሰማይ ካለ፣ እሱን ለማብረድ ብሎ እኛን ያጨልመናል። ከዚያ ጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ይቀራል፤ ሰውም «ጥቁር ስለሆንኩ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። አይደለም! ስልኩ ስክሪን ላይ ፊታችሁን ነካ አድርጉት፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣታችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከጀርባችሁም ጠቆር ያለ ነገር ይሁን። ነገሩ ታሪክም አለው። በፊልም ዘመን ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ልክ ነበር። ስለዚህ በድሮ ፎቶዎች ላይ ጠቁረን የጠፋነው ሁሉ የእኛ ጥፋት አልነበረም። ፊት ለፊት የሚመታ ፍላሽም ለኛ ደግ አይደለም፤ ግንባርን መስታወት ያደርገዋል። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግንባርና አፍንጫን በሶፍት መታ መታ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

አሁን አንገት። ሰው ካሜራ ሲያይ በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይሸሻል። አገጭ ወደ አንገት ይገባል፣ ቀጭን ሰው ሳይቀር ድርብ አገጭ ያወጣል። እኔ የማወጣው እንደዚያ ነበር። ፎቶ አንሺዋ «ግንባርህን ላክልኝ» ያለችኝ ለዚህ ነው። አንገትን ወደ ላይ ማስረዘም፣ ከዚያ ፊትን ወደ ካሜራው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ማውጣት፣ ከዚያ አገጭን በጣም ጥቂት ዝቅ ማድረግ። ኤሊ ከቅርፊቷ ስትወጣ አስቡ። ከጎን ለሚያያችሁ ሰው ያስቃል፣ ለራሳችሁም ሞኝነት ይመስላል። ፊት ለፊት ላለው ካሜራ ግን የመንጋጋ መስመር ወጥቶ ይታያል። ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፍም ከአገጭ ሥር ያለውን ሥጋ ትንሽ ይሰበስበዋል። «ቀና በል» የሚለው ትእዛዝ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ቀና ሲሉ አገጭ ይነሳል፣ አፍንጫ ይከፈታል፣ ሰውየው ኩራተኛ ወይም ፈሪ ይመስላል።

ትከሻን በትንፋሽ አውርዱት። አየር ስቡ፣ አስወጡ፣ አየሩ ወጥቶ ሊያልቅ ሲል ፎቶው ይነሳ። ብዙዎቻችን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል ትንፋሽ እንይዛለን። ትንፋሽ የያዘ ሰው ደረቱ ይነፋል፣ አንገቱ ያጥራል፣ ፊቱ ይገተራል። የኔ መድረቅ ግማሹ ይኸው ነበር።

ፈገግታ ላይ ብዙ ተሰቃይቻለሁ። «ቺዝ በል» ሲባል አፍ ወደ ጎን ይለጠጣል እንጂ ፊት አይስቅም። ጊዮም ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ሥራ የሰውን የፊት ጡንቻ በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፈገግታን አጥንቷል። የአፍን ዳር የሚስበው ጡንቻ በፈቃዳችን ይታዘዛል። በዓይን ዙሪያ ያለው ግን በእውነት ደስ ሲለን ነው በቀላሉ የሚሠራው። ሰው የውሸት ፈገግታን የሚያውቀው ዓይን ላይ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የሚሠራልኝ የውሸት ሳቅ ነው። ጮክ ብዬ «ሃ ሃ ሃ» እላለሁ። በጣም ያሳፍራል። ያሳፍራልና ወዲያው እውነተኛ ሳቅ ይመጣል። ጥሩው ፎቶ የሚገኘው ሳቁ ሲበርድ፣ አፍ እየተዘጋ ዓይን ገና እየሳቀ ያለች ቅጽበት ላይ ነው። መሳቅ ካልፈለጋችሁ ደግሞ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ብቻ ትንሽ ጠበቅ አድርጉ፤ ፀሐይ ዓይናችሁ ላይ ትንሽ ብታርፍ እንደምታደርጉት። ዓይን ማፍጠጥ ፍርሃት ያስመስላል፤ ትንሽ ማጥበብ ግን እርግጠኝነት።

ስትነሱ ዓይን መጨፈን ለሚያስቸግራችሁ፣ የሰው ዓይን በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይርገበገባልና ዕድላችሁ መጥፎ አይደለም። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አንሺው እስከ ሦስት ይቁጠር፣ ሦስት ሲል ክፈቱ። አዲስ የተከፈተ ዓይን ወዲያው አይጨፈንም። ደግሞም ትኩስ ይመስላል።

ፈገግታ ግን ግዴታ አይደለም። ፎቶ አንሺው ዩሱፍ ካርሽ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1941 ኦታዋ፣ ካናዳ ውስጥ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን ሲያነሳ ሲጋሩን ከአፉ ነጥቆበት ነው ያንን ዓለም ያወቀውን የተቆጣ ፊት ያገኘው። ወዲያው ቀጥሎ የተነሳው ፈገግ ያለበት ፎቶም አለ። ሰው የሚያስታውሰው ግን ቁጣውን ነው። የእናንተ ፊት ሲያስብ የሚያምር ከሆነ ተዉት ያስብ። (ከማንም ላይ ግን ሲጋር አትንጠቁ።)

ስለ አካል። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መቆም ሰፊ ያደርጋል፣ ወታደርም ያስመስላል። ሰውነታችሁን ትንሽ ወደ ጎን አዙሩ፣ ክብደታችሁን ኋለኛው እግር ላይ ጣሉ፣ የፊተኛው ጉልበት ይላላ። ፊታችሁን ብቻ ወደ ካሜራው መልሱ። ክንድን ጎን ላይ አትለጥፉ፤ ሲጫን ይሰፋል። በክንድና በወገብ መሐል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር።

እጅ የሁሉም ሰው ችግር ነው። እጅ ሥራ ካልተሰጠው ራሱ ሥራ ይፈጥራል። ኩባያ ይያዝ፣ እጅጌ ይጠቅልል፣ የመነጽር ጫፍ ይንካ፣ አራቱ ጣቶች ኪስ ገብተው አውራ ጣት ውጭ ይቅር። የእጅ ጀርባ ሳይሆን ጠርዙ ወደ ካሜራ ቢዞር ቀጠን ብሎ ይታያል። እኔ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን አይቼ እጄን አገጬ ላይ አደረግኩ። እህቴ «ጥርስህን ነው?» አለችኝ። አገጭን መንካት ከፈለጋችሁ ሳትደገፉ ነካ ብቻ አድርጉት፤ ክብደት ካረፈበት ጉንጭ ይጨፈለቃል።

ስትቀመጡ ወንበሩን ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ጀርባችሁን አትደገፉ፣ ከወገብ ትንሽ ወደ ካሜራው አዘንብሉ። ኮት ከለበሳችሁ የኋላውን ጫፍ ቁጭ በሉበት፤ አንገቱ ጋ አይነሳም። ልብስ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ቀጫጭን ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮች ካሜራ ላይ ማዕበል ይፈጥራሉና ተዉአቸው። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ጆሮ ላይ ያለውን እጀታ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጉት። መስታወቱ ወደ ታች ስለሚያዘነብል መብራቱ አይንጸባረቅበትም።

ጉርድ ፎቶ ላይ ይህ ሁሉ አይፈቀድም። ፊት ለፊት፣ ዓይን ተከፍቶ፣ ሳይስቁ ነው። ቢሆንም ትንፋሹና አንገቱ የናንተ ነው። አየር አውጥታችሁ፣ አንገታችሁን አስረዝማችሁ፣ ጥሩ ነገር እያሰባችሁ ብትነሱ ማንም አይከለክላችሁም። የመጨረሻው ጉርድ ፎቶዬ ላይ ቢያንስ የምፈለግ ሰው አልመስልም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፊላደልፊያ ውስጥ ሮበርት ኮርኔሊየስ እ.ኤ.አ. በ1839 ራሱን ሲያነሳ ምስሉ እስኪያዝ ድረስ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በዚያ ዘመን ስቱዲዮዎች የተነሺውን ጭንቅላት ከኋላ የሚይዝ ብረት ነበራቸው። ዛሬ ካሜራ ጥሩ ብርሃን ካገኘ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። እኛ ግን ብረቱ አሁንም ማጅራታችን ላይ ያለ ይመስል ደርቀን እንቆማለን። አሁን መንቀሳቀስ ይቻላል! ወደ ጎን እዩ፣ ተመለሱ። ሁለት እርምጃ ሂዱ። ክብደት ቀይሩ። አንሺው ደጋግሞ ያንሳ። ፊሊፕ ሃልስማን የሚባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ታዋቂ ሰዎችን አንስቶ ሲጨርስ እንዲዘልሉ ይጠይቃቸው ነበር። የሚዘልል ሰው ሐሳቡ መዝለሉ ላይ ስለሆነ ፊቱን መጠበቅ ይረሳል ብሎ ነው። እናንተ መዝለል አያስፈልጋችሁም። ብቻ ከአርባ ፎቶ ሁለት ጥሩ ከወጣ ጥሩ ቀን ነበር ብላችሁ ተቀበሉ፤ ፎቶ ላይ የሚያምሩት ሰዎችም የማያሳዩአችሁ ሠላሳ ስምንት አላቸው።

ልምምድ ደግሞ መስታወት ላይ አይሁን፤ መስታወት የተገለበጠውን ነው የሚያሳያችሁ። ቪዲዮ ቅረጹ። ስለ ምትወዱት ነገር አንድ ደቂቃ አውሩና ከዚያ እያቆማችሁ እዩት። ፊታችሁ መቼ እንደሚያምር ራሱ ይነግራችኋል። እኔ ሰው እያዳመጥኩ ሳለሁ ደህና እንደምመስል ያወቅኩት በዚህ ነው።

ባለፈው አባቴ ፎቶ አስፈለገውና «አንተ ተምረሃል አሉ» ብሎ ጠራኝ። መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ገና ስልኬን ሳነሳ ትከሻው ወጣ፣ ከንፈሩ ተጣበቀ። ከማን እንደወረስኩት አየሁ። «ፈታ በል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን» አልኩት። ጨፈነ። «አየር አውጣ።» አወጣ። «ክፈት።» ሠላሳ ያህል አነሳሁት። መጨረሻ ላይ «በቃ፣ አለቀ» ስለው ከወንበሩ ሊነሳ ብድግ እያለ «አልቆ ነው?» ብሎ ሳቀ። ያቺን ያዝኳት። ዓይኑ፣ ጉንጩ፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ ሁሉም አለ። በሕይወቴ ካነሳሁት ፎቶ የሚበልጥብኝ እሷ ናት።

ሁሉንም በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። ያቺን አለፋት። ተመልሶ የመጀመሪያዋን፣ ትከሻው ጆሮው ላይ የወጣባትን፣ ከንፈሩ የተጣበቀባትን አወጣ።

«ይቺ ናት እኔን የምትመስለው» አለኝ። «ይቺን አሳትምልኝ።»